ከፍ ያለ ሰው በሚነዳው መኪና

«ከፍ ያለ ሰው በሚነዳው መኪና ተሳፍረህ ታውቃለህ?»

ይህን ጥያቄ ስልክ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ጊዜው 2014 ነው። አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) ሚዛን ውስጥ ወጣቶችን ከሱስ የመከላከል ሥራ ሊጀምር አሰበና መጀመሪያ ዳሰሳ ያስፈልገኛል አለ። መጠይቁ ከውጭ መጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ተተረጎመ፣ ከዚያ መረጃ ሰብሳቢዎቹ በስልክ እንዲሞሉት ፎርሙን የሚሠራ ሰው ተፈለገ። የሚዛን ልጅ መሆኔን የሚያውቅ ጓደኛዬ እኔን ጠቆመ። ሦስት ቀን የማይሞላ ሥራ ነበር። ጥያቄዎቹን ከወረቀቱ እየገለበጥኩ አስገባሁ፣ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ቁልፎች አደረግሁላቸው፣ ሞከርኩት፣ ሠራ። አነበብኳቸው ማለት ግን ይከብደኛል።

ለሙከራ የሄድን ቀን አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጥያቄውን ሰማና ትንሽ አሰበ። «ከፍ ያለ ሰው ማለት… እንደ ዞን ኃላፊ?» አለ። መረጃ ሰብሳቢዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ልጁ ግን ከምሩ ነበር። «አይ፣ ተሳፍሬ አላውቅም» ብሎ መለሰ። ስልኩም «አይ» ብሎ መዘገበ። በፎርሙ ቋንቋ ይሄ ልጅ በዚህ ጥያቄ ከአደጋ ነፃ ነው።

ተርጓሚው «ሃይ» የምትለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ነው «ከፍ ያለ» ያላት። በእኛ አገር «የመረቀነ» ቢል ሕፃን ልጅም ይገባዋል። ግን ስህተቱ የተርጓሚው ብቻ አይደለም፤ ትክክል ቢተረጎምም ጥያቄው ራሱ ሚዛን ላይ ቦታ የለውም።

መጠይቁ «ክራፍት» ይባላል። ቦስተን በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ጆን ናይት እና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያዘጋጁት ነው። ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ ስሙ የስድስቱ ቁልፍ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ተገጣጥመው የወጣ ነው። የመጀመሪያው ቃል መኪና ነው። አሜሪካ ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ መንጃ ፈቃድ ያወጣል፣ ቅዳሜ ማታ ጓደኞቹን ጭኖ ይወጣል፣ በዚያ አገር ታዳጊዎችን ከሚገድሉ ነገሮች ዋናው ደግሞ የመኪና አደጋ ነበር። ስለዚህ ከመኪና መጀመራቸው ልክ ነው። ሚዛን ላይ ግን መኪና የሚነዳ የአሥረኛ ክፍል ጓደኛ ያለው ልጅ አላውቅም። ባጃጅ አለ፣ ሞተር አለ። የባጃጁ ሹፌር ጉንጩ በጫት ያበጠ መሆኑ ደግሞ ለማንም ዜና አይደለም፤ ከገበያ ወደ አማን ለመሄድ የምትሳፈር እናትም በዚህ ጥያቄ «አዎ» ባይ ናት።

ሌላው ጥያቄ «ብቻህን ሆነህ ተጠቅመህ ታውቃለህ?» ይላል። ቦስተን ላይ ብቻውን የሚጠጣ ታዳጊ የሚያሳስብ ታዳጊ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ግልብጥ ይላል። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በቡድን የሚቅመው ልጅ ነበር «ጀዝባ» የሚባለው። ብቻውን ጥግ ይዞ፣ አንድ ዙርባ፣ አንድ ጠርሙስ ውኃ፣ ኦቾሎኒና ሃንድአውት ይዞ የሚቀመጠው ጎበዝ ተማሪ ይባላል። እኔ ራሴ እንደዚያ ነበርኩ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ግማሽ ኮድ የተጻፈው በምርቃና ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ በምርቃና የተጻፈውን ለማስተካከል።

መጠጡ ጋ ስንደርስማ ጭራሽ። «ባለፉት 12 ወራት የአልኮል መጠጥ ጠጥተሃል?» ይላል ፎርሙ። ልጆቹ «ጠላ ይቆጠራል እንዴ?» ብለው ይጠይቃሉ። ቦርዴስ? ቦርዴ በደቡብ ብዙ ቦታ ከመጠጥ ይልቅ ወደ ምግብ ያደላል፤ ለሥራ የሚወጣ ሰው ምሳውን ዘሎ በእሱ ይውላል። ጠጁም ቢሆን፣ የጫካ ማር በሞላበት አገር፣ ያለሱ ሠርግ የለም። ቆይቶም «ስንት መደበኛ መጠጥ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መደበኛ የሚለው 10 ግራም ንጹህ አልኮል ያለበትን ነው። እኛ ያለን ጣሳ፣ ብርሌና መለኪያ ነው፤ የአንዷ ቤት አረቄ ከጎረቤቷ አረቄ ጋር በጉልበት አይገናኝም። ፎርሙ ላይ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ሳጥን ነበር ያደረግሁት። ልጆቹ ቁጥር ሰጡ፤ የምን ቁጥር እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ጫትስ? በዓለም ጤና ድርጅት ሌላ ታዋቂ መጠይቅ ላይ ትምባሆ፣ አልኮል፣ ካናቢስ፣ ኮኬይን እያለ ይዘረዝርና ጫት መጨረሻ ላይ «ሌላ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ይወድቃል። እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ይፈቀድልኝ። ስለ አፄ ዓምደ ጽዮን የ1332 (እ.ኤ.አ.) ዘመቻ የሚተርከው ዜና መዋዕል፣ የኢፋቱ ገዢ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልባታለሁ ብሎ መዛቱን ይነግረናል። ወደ ሰባት መቶ ዓመት ሊሆነው ነው። ጫት ለዛቻ የሚበቃ ባህል የነበረበት አገር፣ አሁን ደግሞ በየዓመቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር የሚያስገባለት አገር፣ «ሌላ» የሚል ሳጥን ተሰጥቶት ዝም አለ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከወንዶች 27 በመቶው፣ ከሴቶች 12 በመቶው ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። «ሌላ» የሚባል ቁጥር አይደለም።

ከውጭ የመጣ ሁሉ አይሠራም ለማለት እየተዘጋጀሁ የመሰለው አንባቢ ይታገሰኝ። ተቃራኒውን ነው የማስበው። ችግሩ የምንወስደው ነገር ላይ ነው።

የተማርኩበት ትምህርት ቤት ፀረ-ኤድስ ክበብ ነበር፤ ቆይቶ በዚያው ክፍል፣ በዚያው ማይክ፣ በዚያው ሊቀመንበር ፀረ-ሱስ ክበብ ሆነ። በረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ «ሱስ ይገድላል» ይባላል። ግድግዳው ላይ ራስ ቅልና ሁለት አጥንት ተስሏል። ያኔ የማላውቀው ነገር፣ ይሄ ዘዴ የተወለደበት አገር ውስጥ ተሞክሮ የወደቀ መሆኑን ነው። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ሎስ አንጀለስ ላይ «ዴር» የሚባል ፕሮግራም ተጀመረ፤ ፖሊስ ክፍል ገብቶ ስለ አደንዛዥ ዕፅ ክፋት ያስተምራል። በአሜሪካ አብዛኞቹ የትምህርት አስተዳደሮች ተቀበሉት፣ ወደ ውጭም ተላከ። ተመራማሪዎች ደጋግመው ሲለኩት ግን የተማረውና ያልተማረው ልጅ ልዩነት ከዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እኛ ጋ የደረሰው ቅሪቱ ነው፤ ፖሊሱ ቀርቶ ራስ ቅሉ ተረፈ።

ብራዚል የሆነው ይብሳል። «አንፕላግድ» የሚባል የትምህርት ቤት ፕሮግራም በሰባት የአውሮፓ አገሮች ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር። የብራዚል ጤና ሚኒስቴር ወሰደው፣ አስተረጎመው፣ «ታሞጁንቶ» ብሎ ሰየመው፣ በብዙ ከተሞች አዳረሰው። በስድስት ከተሞች በ72 ትምህርት ቤቶች በጥንቃቄ ሲጠና ፕሮግራሙን የተማሩት ልጆች ካልተማሩት ይልቅ መጠጥ መጀመራቸው ብሶ ተገኘ። ጥሩነቱ ለኩት፤ ያገኙትን አሳተሙ፤ ፕሮግራሙን እንደገና ሠሩት። እኛ ብንሆን በፓወርፖይንት «ይህን ያህል ሺህ ተማሪ ተደራሽ ሆኗል» ብለን እናልፈው ነበር።

አሁን ስሙ በየስብሰባው የሚነሳው የአይስላንድ ነው። ከሙከራው በኋላ ፎርሙ ስላሳፈረኝ ማንበብ ጀመርኩ፣ እዚያ ደረስኩ። በ1998 (እ.ኤ.አ.) ከ15 እና 16 ዓመት የአይስላንድ ልጆች 42 በመቶው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረናል ብለው ነበር። በ2016 ቁጥሩ 5 በመቶ ሆነ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 ወደ 3 በመቶ ወረዱ። ካናቢስ ሞክረን እናውቃለን ያሉት ከ17 ወደ 7። እኔ ቁጥር በቶሎ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ይሄኛው ግን በየጊዜው በተመሳሳይ ጥያቄ የተለካ ነው።

ምን አደረጉ? የሐሳቡ አንዱ ምንጭ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሃርቪ ሚልክማን ነው። እሱ የሚለው፣ ሰው ሱሰኛ የሚሆነው በዕቃው ሳይሆን ዕቃው አንጎሉ ውስጥ በሚያመጣው ለውጥ ነው፤ ያንን ለውጥ በሙዚቃ፣ በዳንስ፣ በስፖርት ማግኘት ከተቻለ ለልጁ ስለ ዕፅ መስበክ አያስፈልግም። አይስላንዳዊቷ ተመራማሪ ኢንጋ ዶራ ሲግፉስዶቲር እና ባልደረቦቿ ደግሞ የአገሩን ልጆች በየትምህርት ቤቱ ጠየቁ። የማይጠጡት ልጆች ምን እንደሚለያቸው አዩ። የተደራጀ ስፖርት ወይም ሙዚቃ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ በሥራ ቀን ከወላጅ ጋር የሚያልፍ ጊዜ፣ ማታ ዘግይቶ ውጭ አለመገኘት። በቃ። ሕግ ወጣ፤ ወላጆች በየትምህርት ቤቱ ተደራጅተው ለልጆች መጠጥ አንገዛም፣ ያለ አዋቂ ግብዣ አንፈቅድም ብለው ፈረሙ፤ የሬክያቪክ ከተማ ለእያንዳንዱ ልጅ ለክለብ መመዝገቢያ በየዓመቱ ገንዘብ መስጠት ጀመረ።

በሕግ ደረጃ ካየነው እኛ እንብሳለን። እዚያ ትምባሆ ከ18፣ መጠጥ ከ20 ዓመት በታች ክልክል ነው። የእኛ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሁለቱንም 21 አድርጎታል። የሚዛን መናኸሪያ አካባቢ ለ14 ዓመት ልጅ ሲጋራ በፍሬ የሚሸጠው ባለሱቅ ይህን አዋጅ ያውቀው እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ስብሰባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የሰዓት ገደቡ ነው፤ ቀላል ይመስላላ። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያለ ልጅ በክረምት ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ በበጋ ከ6 ሰዓት በኋላ ውጭ አይገኝም። በአማርኛ ይህን ምን እንለዋለን? «ሰዓት እላፊ»። ለእኔ እድሜ ልጅ ቃሉ ምንም ላይሆን ይችላል። ለእናቴ እድሜ ሰው ግን ሰዓት እላፊ ማለት ደርግ ነው፤ ያልገባ ልጅ ማለት ደግሞ የማይመለስ ልጅ ነው። ቴፒም ሚዛንም ባለፉት ዓመታት በየጊዜው ግጭት አይተዋል፣ ማታ ማታ በር ተዘግቶ የታደረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አይስላንድ ላይ ወላጅ ልጁን ለመጠበቅ የተስማማበት ሰዓት፣ እዚህ ወታደር የሚያስከብረው ሰዓት ይሆናል። ያው ቃል፣ ሌላ ነገር።

ጊዜ ሲባል ደግሞ ዳሰሳው መቼ ይሞላል? ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። በቡና አገር ዓመቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እሸት ቡና ሲለቀም ልጆች ከክፍል ይቀራሉ፣ ከቤተሰብ ማሳም ይሁን ከሰው ማሳ ለቅመው ብር ይይዛሉ። የእኛ ሰፈር ልጆች አብዛኞቻችን የመጀመሪያ ብራችንን የያዝነው በቡና ነው፤ የመጀመሪያ ቢራችንንም። በዚያ ወር የጠየቅኸው ልጅና መጋቢት ላይ የጠየቅኸው ያው ልጅ ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጡሃል። የእኛ ፎርም የተሞላው መጋቢት ላይ ነው፤ የበጀቱ ጊዜ ስለነበረ።

(በነገራችን ላይ እንዴት ከቦታ ቦታ እንደሚኬድ ከቡና በላይ አስተማሪ የለም። ጌሻ የሚባለው ቡና ከእኛው ጫካ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተለቅሞ በታንዛኒያ፣ ከዚያ በኮስታሪካ አድርጎ ፓናማ ገባ። የወሰዱት በሽታ ስለሚቋቋም ነበር፤ ምርቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ገበሬ አልወደደውም። በ2004 አንድ ቤተሰብ ከፍታ ላይ ያለውን ለይቶ ለብቻው ቀምሶት ነው ዓለም ያበደው። ለይቶ የቀመሰ ሰው እስኪገኝ ሰባ ዓመት ገደማ ፈጀ።)

እዚሁ አገር ውስጥ ከውጭ የመጣ ዘዴ ሥር ሲይዝ ያየንበት ምሳሌ አለ፤ የሱስ ባይሆንም። የማኅበረሰብ ውይይት የሚባለው አካሄድ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለኤች አይ ቪ ብሎ ያመጣው ነው። ከሚዛን ወደ ምሥራቅ፣ ከምባታ ውስጥ፣ ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የመሠረቱት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ ተጠቀመበት። ቦጋለች መጀመሪያ ስለ ኤች አይ ቪ ሊያወሩ ሲሄዱ ሰዉ የነገራቸው ድልድይ እንደሚያስፈልገው ነው። ድልድዩ ቀድሞ ተሠራ። ከዚያ ሴትና ወንድ፣ ሽማግሌና ወጣት በየሁለት ሳምንቱ እየተቀመጠ ማውራት ጀመረ፤ ወሬው ውሎ አድሮ የሴት ልጅ ግርዛት ጋ ደረሰ። ቦጋለች በ2012 አረፉ። በከምባታ ግርዛት ላይ የመጣው ለውጥ ዛሬ በዓለም ደረጃ የሚጠቀስ ነው። ማኑዋሉ የውጭ ነበር፤ ድልድዩ ግን ማኑዋሉ ውስጥ አልነበረም።

አይስላንድም ጋ ስመለስ የገረመኝ ሜዳውም ካርዱም አይደለም። መጠይቁ ተሞልቶ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ውጤቱ ወደዚያው ትምህርት ቤት ይመለሳል። የአገሩ አማካይ አይደለም፤ የዚያ ትምህርት ቤት። ወላጆች ተጠርተው «የእናንተ ልጆች እንዲህ ናቸው» ይባላሉ። ከዚያ የሚሠራው ሥራ የእነሱ ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ ሙሉው ነገር ዑደት ነው፤ እኛ የገነባነው ግን አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ቧንቧ ነው። ከሚዛን ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ወደ ውጭ። «ውጤት መመለሻ» የሚል ተግባር በሥራ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅሁም። የተከፈለኝ ለቧንቧው ነው።

አሁን ስዘገየው የቆየሁትን ልናገር። ታናሽ ወንድሜ በዚያ መጠይቅ ከተጠየቁት አንዱ ነበር። ፎርሙን የሠራሁት እኔ መሆኔን ሲሰማ ሳቀብኝ። «ሁሉንም አይ ነው ያልኩት» አለኝ።

«ለምን?»

«ማን እንደሚያነበው ሳላውቅ ነው እውነቱን የምናገረው? መምህሩ እኮ በሩ ጋ ቆሟል።»

እውነቱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዳሰሳው በፊት በነበረው ክረምት አዲስ አበባ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ደንበኛ የሚጣደፍበት ሥራ ይዤ ሌሊቱን ስቅም፣ እሱ አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ያያል። እንቅልፍ አልወስድህ አለው መሰለኝ፣ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። አንድ እንጨት ጀባ አልኩት። እየቀለድኩ ነበር። እሱም እየቀለደ ተቀበለኝ። ዘንድሮ እኔ ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ እሱ ከሰዓት በኋላ ካልቃመ ሐራራው አያናግረውም፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ አለ። የመጀመሪያዋን እንጨት ማን ሰጠህ የሚል ጥያቄ ክራፍት ላይም፣ ሌላውም ላይ የለም። ቢኖርም «አይ» ነበር የሚለው፤ አያሳጣኝም።

ለፋሲካ 2017 ቤት ሄጄ ነበር። እሑድ ከሰዓት የእናቴ የእድር ሴቶች ቤታችን ለቡና ተሰበሰቡ። እትዬ፣ ጎረቤታችን፣ ኮምፒውተር ላይ ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ስለ አይስላንድ አወራሁላቸው። በረዶ ስለሆነው አገር፣ ወላጆቹ ስለፈረሙት ወረቀት። ሰዓቱ ጋ ስደርስ እናቴ «ሰዓት እላፊ?» ብላ ፊቷን አዞረች። ሌላዋ ሴትዮ ግን «ቆይ እስቲ፣ እኛ ብንስማማ ማን ይከለክለናል?» አለች። ኳስ ሜዳው ታጥሮ ከተሸጠ ወዲህ ልጆቹ የሚውሉበት አጥተው ፑል ቤት እንደሚያረፍዱ ተነሳ። በእድሩ ድንኳን ማከማቻ ጓሮ መረብ ኳስ መትከል ይቻላል ወይ ተባለ። እድሩ ሕግ አለው፣ ቅጣት አለው፣ ጸሐፊ አለው፤ ለቀብር የመጣውንና ያልመጣውን ለመመዝገብ ማንም አሠልጥኖት አያውቅም።

እትዬ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ያኔ በስልክ ልጆቻችንን ስትጠይቁ ነበር አይደል? እኛ ሰፈር ስንቱ ነው የሚቅመው?»

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የሰርቨሩ ክፍያም አልቆ ነበር። ኢሜይል ተጽፎልኝ ዳታውን አስረክቤ አጥፍቼዋለሁ። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያጠልቃል፤ ሊወጣ ነው።

«አላውቅም፣ እትዬ» አልኳቸው።